ሰፊ ስክሪን ከነባትሪው

ላፕቶፕ ልገዛ ነው ያለ ሰው ከየአቅጣጫው የሚሰማው ምክር ተመሳሳይ ነው፦ «ትንሿን ግዛ። ቤትህ ትልቅ ሞኒተር አስቀምጥ። ስትወጣ ቀለል ያለ ነገር ይዘህ ትወጣለህ፤ ስትመለስ ገመዱን ሰክተህ በሰፊው ትሠራለህ።» አዲስ አበባ ያሉ ጓደኞቼም፣ ዩቲዩብ ላይ ዕቃ የሚገመግሙትም፣ ዕቃውን የሚሸጡትም ይህንኑ ይላሉ።

ምክሩ አይከፋም፤ መብራት እስካለ ድረስ። እዚህ ደብረ ማርቆስ መብራት ድርግም ሲል መጀመሪያ የሚጨልመው ያ ትልቁ ሞኒተር ነው። ላፕቶፑ በባትሪው ይቀጥላል፣ እውነት ነው። ግን ለመንገድ ብለህ በገዛሃት ጠባብ ስክሪን ላይ ትቀራለህ፤ ለዚያውም ማተሚያ ቤቱ በስልክ በሚያጣድፍህ ሰዓት። ዩፒኤስስ የሚለኝ አይጠፋም። እሱም አለኝ። ፋይሉን ሴቭ አድርጎ በሥርዓት ለማጥፋት እንጂ ተረጋግቶ ለመሥራት የሚበቃ ጊዜ አይሰጥም፤ ባትሪው ሲያረጅማ የሚቀረው ጩኸቱ ብቻ ነው።

ስለዚህ ሰፊ ስክሪን ያለው ቀላል ላፕቶፕ የሚባለውን ነገር ከሌላ ሰው በተለየ ዓይን ነው የማየው። የስክሪኑ ስፋት የራሱን ባትሪ ይዞ ይመጣል። ሞኒተር በብዙ እጅ ረክሶ የሚሰጥህ ስፋት መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል፤ ይኸኛው ይቆያል። ክብደቱንም፣ ዋጋውንም፣ ጥገናውንም የመዘንኩት ይህን አስቀድሜ ነው።

ሥራዬ የሰው ጽሑፍ ማረምና መጽሐፍ ሌይአውት ማድረግ (ገጹን ለኅትመት ማሰናዳት) ነው። የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ይዞ ይመጣል፣ ጡረታ የወጣ መምህር የሕይወት ታሪኩን ይዞ ይመጣል፣ ገጣሚ ግጥሙን ይዞ ይመጣል (ገጣሚ እዚህ አገር መቼ ጠፍቶ)። ፋይሉ ካለቀ በኋላ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ማተሚያ ቤት ድረስ ተከትዬው የምሄድበት ጊዜም ብዙ ነው። ተቀምጬም ተጉዤም የምሠራ ሰው ነኝ ማለት ነው። ጭቅጭቁም ከዚህ ይነሣል፤ ለመቀመጡ ሰፊ ይሻላል፣ ለመንገዱ ቀላል።

የአክስቴ ልጅ ለፋሲካ ከውጭ ሲመጣ ባለ 15 ኢንች ማክቡክ ኤር ይዞ መጣ። «በዓል ነው፣ እኔ ላፕቶፕ አልነካም፤ ውሰደውና ሞክረው» አለኝ። ከእጁ ተቀብዬ ወደ ቢሮዬ ሄድኩ፤ ዶሮውንም ሳልበላ አልቀረሁም፣ ግን ልቤ እዚያው ነበር።

ስለ ዕቃው ጥቂት ልበል። አፕል «ኤር» የሚለውን ላፕቶፕ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳየው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2008 ነው፤ ስቲቭ ጆብስ መድረክ ላይ ከወረቀት ፖስታ ውስጥ መዘዘው። ያኔ ባለ 13.3 ኢንች ነበር፤ ክብደቱም 1.36 ኪሎ። ለዓመታት ሰፊ ስክሪን የፈለገ ሰው ከዚያው ኩባንያ ከባዱንና ውዱን «ፕሮ» ከመግዛት በቀር ምርጫ አልነበረውም። ባለ 15ቱ ኤር የወጣው እ.ኤ.አ. በጁን 2023 ነው። 1.51 ኪሎ ይመዝናል፣ ውፍረቱ 11.5 ሚሊ ሜትር ነው። እ.ኤ.አ. በማርች 2025 ደግሞ ኤም4 የሚባለው ቺፕ ገብቶበት፣ ሚሞሪው ከ16 ጊጋባይት ጀምሮ፣ መነሻ ዋጋው 1,199 ዶላር ሆነ። ታናሽየው ባለ 13ቱ 1.24 ኪሎ ነው፤ መነሻው ያኔ 999 ዶላር ነበር።

ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ በካልኩሌተር ሳሰላ አንድ ነገር ገረመኝ። የታናሹ ስክሪን 2560 በ1664 ፒክሰል (የስክሪን ነጥብ) ነው፣ የታላቁ 2880 በ1864፤ ስፋቱ በ26 በመቶ ገደማ ይበልጣል። ባትሪው ከ53.8 ወደ 66.5 ዋት አወር ያድጋል፤ 24 በመቶ ገደማ። ክብደቱ 22 በመቶ ገደማ ይጨምራል፣ ዋጋው 20 በመቶ። ሁሉም እጅ ለእጅ ተያይዞ ነው ያደገው። ቺፑ ያው፣ ኪቦርዱ ያው፣ ካሜራው ያው። ነጋዴ ሲያጭበረብር በአንዱ ቀንሶ በሌላው ይጨምራል፤ እዚህ ግን ሩብ ያህል ስክሪን ጨምረህ ትወስዳለህ፣ ሩብ ሊሞላ የቀረውን ያህል ትሸከማለህ፣ አምስተኛውን ያህል ትከፍላለህ። ርካሽም አይደለም፣ ተንኮልም የለበትም። ጥያቄው ያ ሩብ ምን ያደርግልኛል የሚለው ብቻ ነው።

ባትሪው ላይ ግን ሰው እንዳይታለል። ትልቁ ባትሪ ስላለው ብዙ ሰዓት ይሠራል ብለህ ብትጠብቅ ኩባንያው ለሁለቱም የሚጽፈው ያንኑ ነው፤ ቪዲዮ ለማየት እስከ 18 ሰዓት። የተጨመረውን ባትሪ የተጨመረው ስክሪን ይበላዋል። እኔ የምሠራው ጽሑፍ ነው፣ ብርሃኑንም መካከለኛ ላይ ነው የማደርገው፤ በተዋስኩበት ጊዜ መብራት ጠዋት ሄዶ እስኪመሽ ባልመጣበት ቀን የሥራውን ሰዓት ያለ ችግር አስጨርሶኛል። የኔ አሮጌ ዊንዶውስ ላፕቶፕ እንዲህ ባለ ቀን ከምሳ በፊት ነው ዓይኑን የሚከድነው።

አሁን ወደ ስክሪኑ ልምጣ፤ ዋናው ነገር እዚህ ነው።

ከደንበኞቼ አንዱ የቅኔ መምህር ናቸው። ጎጃም ውስጥ የቅኔ መምህር ማለት ምን እንደሆነ ለማስረዳት አልሞክርም፤ የታወቀውን የቅኔ ቤት ዋሸራን የሚያውቅ ያውቀዋል። የኔታ ከመምህሮቻቸው የሰሙትን ቅኔ ሲያጠራቅሙ ኖረው አሁን መጽሐፍ ሊያደርጉት ነው። በግራ ገጽ ግእዙ፣ በቀኝ ገጽ የአማርኛ ፍቺው ከነሰሙና ከነወርቁ። ደብተራቸውን ታቅፈው ይመጡና አጠገቤ ይቀመጣሉ፤ እሳቸው ከደብተሩ ያነባሉ፣ እኔ ከስክሪኑ እከተላለሁ። በአሮጌው ላፕቶፕ ሥራው እንዲህ ነበር፦ ግእዙን አሳያለሁ፣ ወደ አማርኛው እዞራለሁ፣ «ግእዙን መልሰው እስቲ» ይላሉ፣ እመልሳለሁ፣ «አማርኛው ምን ነበር ያለው?» ይላሉ፣ ደግሞ እዞራለሁ። ሁለቱን ላቁም ብል ፊደሉ እንደ ተልባ ፍሬ ይደቅቅና መነጽራቸውን አውልቀው ይጠርጉታል።

ጉባኤ ቃና የሚባለው አጭር ቅኔ ቢሆን ግድ የለም። ሁለት ቤት (መስመር) ነው፤ የትም ይገባል። መወድስ የሚባለው ግን ስምንት ቤት ነው፣ ቤቱም ረጅም ነው። ስክሪኑ ሲጠብ አንዱ ቤት ይሰበርና ቀሪው ታች ይወርዳል፤ ስምንቱ አሥራ አንድ መስሎ ይታያል። ቅኔ ላይ የቤት ቆጠራ የሚያሳስት ነገር ጨዋታ አይደለም።

በተዋስኩት ላፕቶፕ የመጀመሪያውን ገጽ ስከፍትላቸው የኔታ ጠጋ ብለው አዩና «ይኸን ያህል ሰፍቶ ፊደሉ ምነው ያው ሆነ?» አሉኝ።

እንዲህ ያለ ጥያቄ ከገምጋሚዎቹ አልሰማሁም። እውነታቸውን ነው። ሁለቱም ኤሮች በአንድ ኢንች ውስጥ የሚያሰፍሩት ፒክሰል እኩል ነው፤ 224። ስክሪኑ ሲሰፋ ፊደሉ አይተልቅም፤ የሚጨምረው የሚያርፍበት ሜዳ ነው። በርግጥ ከሴቲንጉ ገብተህ ሁሉንም ነገር ማተለቅ ትችላለህ። ያን ጊዜ ግን የጨመርከውን ሩብ ለዓይንህ አውጥተህ ሜዳውን ታጣለህ። ዓይኑ የደከመ ሰው እዚህ ላይ ቆም ብሎ ያስብ፤ ባለ 15ቱን የሚገዛው ለፊደል ከሆነ ለሜዳ አይበቃውም፣ ለሜዳ ከሆነ ለፊደል።

ጥራቱ ግን ልዩነት አለው፤ ከአሮጌው ጋር ሳነጻጽር ማለቴ ነው። የኛ ፊደል የሚለየው በጥቃቅን ቅጥያ ነው። የ«ሉ» ቅጥያ ወገቡ ላይ ነው፣ የ«ሊ» እግሩ ላይ፤ የፒክሰሉ ቁጥር ሲያንስ ሁለቱም በአንድ ቦታ ያለ ነጠብጣብ ይሆናሉ። ግእዝ ላይ ደግሞ ሠና ሰ፣ ጸና ፀ ተለዋወጡ ማለት ትርጉሙ ሄደ ማለት ነው። በአሮጌው እነዚህን ለማረም ገጹን አትልቄ ቁራጭ በቁራጭ ነበር የማየው። በዚህኛው ገጹ እንዳለ ቆሞ ቅጥያው ጥርት ብሎ ይለያል። ይህ ጥራት ግን በታናሹም አለና ለታላቁ የሚቆጠርለት አይደለም።

ለታላቁ የሚቆጠረው ይኸ ነው። ማስመሪያ አምጥቼ ለካሁት። የስክሪኑ አግድመት 32.6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ ቁመቱ 21 አለፍ ይላል። አገራችን ውስጥ የሚታተመው አብዛኛው መጽሐፍ ኤ5 ነው፤ ገጹ 14.8 በ21 ሴንቲ ሜትር። ሁለት ገጽ ጎን ለጎን ሲዘረጋ 29.6 በ21። እንግዲህ አስሉት። የተዘረጋ መጽሐፍ፣ ግራና ቀኙ፣ ከላይ ያለችው የሜኑ መስመር የምትወስዳትን ጥቂት ብቻ አሳንሶ፣ በእውነተኛ መጠኑ ለመባል ጥቂት ሲቀረው ይቀመጣል። የታናሹ ስክሪን 29 በ18.8 ገደማ ነው፤ በአግድመቱ ሊደርስ ጥቂት ይቀረዋል፣ በቁመቱ ግን ገጹን መቀነስ ግድ ነው። ሱቅ በሱቅ የሞላው ባለ 15.6 ኢንች ላፕቶፕስ? በቁጥር ይበልጣል፤ ግን ስክሪኑ 16 ለ9 ስለሆነ ቁመቱ 19.4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ፊልም ለማየት ተስማሚ ነው። መጽሐፍ ግን ቁመት ይፈልጋል። ስክሪን የምትገዙ ሰዎች ኢንቹን ብቻ ጠይቃችሁ አትመለሱ፤ ቁመቱን ጠይቁ።

የኔታ ሁለቱ ገጾች ጎን ለጎን ሲቆሙ መጠየቅ አቆሙ። ዝም ብለው ግእዙን በአንድ ዓይን፣ አማርኛውን በሌላው እንደሚከተሉ ሁሉ አንገታቸውን ወዲህ ወዲያ ማድረግ ጀመሩ። ከዚያ ጣታቸውን መስታወቱ ላይ አሳርፈው (የአክስቴ ልጅ ቢያይ ልቡ ይቆም ነበር) አንዱ መወድስ ላይ ሦስተኛው ቤት ዘንድ ቆሙ። «ይኸን ቤት አማርኛው ላይ ዘልዬዋለሁ እኮ። ተመልከት፤ ከዚህ ወዲያ አንዳንድ ቤት እያለፈ ነው የተፈታው።» ስንት ጊዜ አብረን ያነበብነው ገጽ ነው። አንዱን አይቶ ሌላውን እስኪያይ ድረስ በቃል ይዞ መቆየት የነበረበትን አሁን ስክሪኑ ያዘው፤ አእምሮ ከመሸከም ሲያርፍ ማየት ጀመረ። የተጨመረው ሩብ ዋጋው ለእኔ እዚህ ነው የታየኝ። ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ ለዚህ ስል ምን ያህል እችላለሁ የሚል ነው።

ክብደቱን በቶሎ ልለፈው። 270 ግራም ልዩነት በእጅ ሲያዝ ይታወቃል፤ ቦርሳ ውስጥ ሲገባ ግን ቻርጀሩ፣ ውኃው፣ የደንበኛ ረቂቅ ወረቀት ሁሉ አብሮ ስለሚገባ ይረሳል። አስቸጋሪው ክብደቱ ሳይሆን አግድመቱ ነው። ከደብረ ማርቆስ ባሕር ዳር መንገድ ሰላም ሲሆን ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ደምበጫን፣ ፍኖተ ሰላምን፣ ቡሬን፣ እንጅባራን፣ ዳንግላን እያለፍክ። ሚኒባስ ውስጥ በግራም በቀኝም ሰው አለ። 34 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለውን ነገር ጉልበትህ ላይ ከፍተህ ክርንህን ስታንቀሳቅስ የጎረቤትህን ጎን እየወጋህ ነው፤ የፊተኛው ወንበር ደግሞ ወደ ኋላ ከተለቀቀ ክዳኑ በወጉ አይከፈትም። ታናሹ በዚህ ያሸንፋል። እኔ ግን መንገድ ላይ ሠርቼ የማውቀው ከስንት አንዴ ነው፤ ኩርባው ሲጀምር ፊደል ሳይ ያቅለሸልሸኛል። መንገድ ላይ የምሠራ ሰው ነኝ ብሎ ራሱን የሚያታልል ብዙ ነው። የምንሠራው ስንደርስ ነው።

ክብደት ከተነሣ «ግራም» የሚባለውን የኤልጂ ላፕቶፕም ሳላነሣ አላልፍም። ባለ 17 ኢንቹ 1.35 ኪሎ ገደማ ነው፤ ስክሪኑ ከኤሩ ሰፍቶ ክብደቱ ከኤሩ ያነሰ። በተጨማሪም ዊንዶውስ ነው፣ የቁጥር ኪቦርድም በቀኙ አለው፤ ሒሳብ ለሚሠራ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቅለቱን ያገኘው ከማግኒዚየም ቅይጥ ከተሠራው ገላው ነው፤ ስትጫነው እጥፍ ዘርጋ ይላል። ይህ ማለት ይሰበራል ማለት አይደለም። ብቻ ቦርሳዬ ላይ የአውቶቡስ ረዳት ምን ሊጭንበት እንደሚችል ስለማውቅ የኤሩ አልሙኒየም ይበልጥ ያስተኛኛል። ቢሮው አዲስ አበባ ሆኖ በመኪና ለሚንቀሳቀስ ሰው ግራሙን እመርጥለታለሁ።

ኤሩ ማራገቢያ የለውም። ይህን እንደ ጉድለት የሚቆጥሩት አሉ፤ ቪዲዮ ለረጅም ሰዓት ሲያቀናብሩ ይሞቅና ፍጥነቱን ይቀንሳል። ለእኔ ሥራ ግን የማይሰማ ነገር ነው። በጋ ላይ እዚህ ያለውን አቧራ የሚያውቅ ሰው ማራገቢያ የሌለውን ማሽን ይመርቃል። ጥገና ቤት ሄዶ ላፕቶፕ ሲከፈት ከውስጡ የሚወጣውን አፈር አይታችሁ ታውቃላችሁ? የኔው ሲከፈት ስንዴ ይዘራበታል አልኩ።

ጥገና ካልን አይቀር የሚያሳስበኝም እሱ ነው። እስከ ዛሬ የያዝኳቸው ላፕቶፖች ሁሉ ሲደክሙ እዚህ ከተማ ውስጥ ሚሞሪ እየተጨመረላቸው፣ ሃርድ ዲስካቸው በኤስኤስዲ እየተቀየረ ነው ዕድሜያቸው የረዘመው። የምወስድለት ልጅ እጁ የተባረከ ነው። ኤሩን ሳሳየው ገልብጦ አየና ሳቀ።

«ጋሼ፣ ይኼ እንደ ሸክላ ነው። ከተተኮሰ በኋላ ጆሮ አይቀጠልለትም።»

«ሚሞሪውስ?»

«ከቺፑ ጋር ነው ያለው። ስቶሬጁም ቦርዱ ላይ ነው። ሲገዙ የገዙት ነው፣ አለቀ። ባትሪ ቢሆን ዕቃው ከመጣልኝ እቀይርልዎታለሁ። ስክሪኑ ከተሰነጠቀ ግን ክዳኑ በሙሉ ነው የሚቀየረው፤ እሱን እዚህ አያገኙትም፣ ባይጥሉት ነው የሚሻለው።»

ኢትዮጵያ ውስጥ የአፕል የራሱ መደብር የለም። ዋስትና የሚባለው ነገር ዕቃውን አፕል ወደሚጠግንበት አገር የሚወስድ ሰው እስኪገኝ ድረስ ወረቀት ነው። ከሁሉም ሚዛኖች እጄን የያዘኝ ይህ ነው። የሌላው ላፕቶፕ ጥቅም መጥገን መቻሉ ነበር፤ የዚህኛው ጥቅም እንዳይበላሽ ሆኖ መሠራቱ ነው። በሁለተኛው ላይ መወራረድ ማለት ሲገዙ ከበቂ በላይ ሚሞሪ መግዛት ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ለሚፈልግ ሰው ልንገር፦ ቴሌግራም ላይ በርካሽ የሚሸጡት ያገለገሉ ኤሮች ብዙዎቹ 8 ጊጋባይት ናቸው። መነሻው 16 የሆነው እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2024 ወዲህ ነው። ለቃላት መጻፊያ ብቻ 8 ያዘልቅ ይሆናል፤ ኢንዲዛይን (የመጽሐፍ ገጽ ማሰናጃው)፣ ብሮውዘርና ቴሌግራም አንድ ላይ ከፍቶ ለሚውል ሰው ግን ገና ከአሁኑ ጠባብ ነው፣ በኋላም አይጨመርም። በቀድሞው ባለቤት አይክላውድ (የአፕል መለያ) ያልተቆለፈ መሆኑንም ብር ከመቁጠራችሁ በፊት አረጋግጡ።

የአማርኛው ነገርስ? እዚህ ላይ ከዊንዶውስ መውጣት ዋጋ ያስከፍላል። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደል የሚለዩበት የጋራ ቁጥር) ውስጥ የገባው በ3.0 እትሙ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በኋላ በዩኒኮድ የተጻፈ ሁሉ ማክ ላይም ያለ ምንም ጣጣ ይከፈታል፤ ማክ ከፋ የሚባል የግእዝ ፎንት ከራሱ ጋር ይዞ ነው የሚመጣው፣ ለመጻፍም ኪማን የሚባል ፕሮግራም በነፃ አለ። እጄ የለመደው ግን ፓወር ግእዝ ነው፣ እሱ ደግሞ የዊንዶውስ ነው። ይህንን እለምደዋለሁ። የማይለመደው የደንበኛ ፋይል ነው። ቆየት ያሉ ሰዎች በቪዥዋል ግእዝ ያስጻፉትን ይዘው ይመጣሉ፤ ፎንቱ በሌለበት ማሽን ስትከፍተው አማርኛው የላቲን ፊደልና የምልክት ግርግር ሆኖ ቁጭ ይላል። ጡረታ የወጡት መምህር የሕይወት ታሪክ ግማሹ እንዲህ ነው የመጣልኝ። ለዚህ ሲባል አሮጌው ላፕቶፕ አይሸጥም፤ ጠረጴዛዬ ጥግ ላይ ሆኖ አሮጌ ፋይል ወደ ዩኒኮድ መለወጫ ይሆናል።

ገንዘቡን መጨረሻ ላይ ያደረግኩት ስለሚያሳምመኝ ነው። ባለ 15ቱ እ.ኤ.አ. በ2023 ሲወጣ 1,299 ዶላር ነበር። በባንክ ምንዛሪ፣ 2016 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ብር በገበያ ይወሰን ከመባሉ በፊት በነበረው 57 ብር ገደማ፣ 74 ሺህ ብር አካባቢ ይሆን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 ዕቃው ራሱ በ100 ዶላር ረከሰ፤ ዶላሩን በመቶ ብር ብቻ እንኳ ብናሰላው 120 ሺህ ነው፣ ዶላሩ ደግሞ መቶን ካለፈ ቆይቷል። ዕቃው ሲረክስብን ተወደደብን። በታላቁና በታናሹ መካከል ያለው 200 ዶላርም ያኔ ከ12 ሺህ ብር በታች ነበር፤ አሁን ከ20 ሺህ በላይ ነው። ክብደቱን ሳሰላ «270 ግራም ምን አላት» ያልኩት ሰው እዚህ ላይ ዝም አልኩ።

ያ 200 ዶላር ታናሹን ለገዛ ሰው ጥሩ ሞኒተር ይገዛል። እንደገና ወደ መጀመሪያው ምክር ተመለስን ማለት ነው፤ ነገር ግን መብራት በሄደ ቀን ያ ሞኒተር ስንት ብር ያወጣል? ለእኔ ምንም። ኢንቨርተርና ባትሪ ጨምሬ ሞኒተሩን ላቆየው ብል ደግሞ ወጪው ከ200 ዶላሩ ያልፋል፤ ያውም ባሕር ዳር ይዤው አልሄድም። መብራት በማይሄድበት ሰፈር የምትኖሩ ከሆነ ምክሩን ስሙ፤ ታናሹን ግዙና ሞኒተር ግዙ፣ ከእኔ የተሻለ ስፋት ይኖራችኋል።

እኔ ባለ 15ቱን አዝዣለሁ፤ 16 ጊጋባይት ሚሞሪ፣ 256 ጊጋባይት ስቶሬጅ። ስቶሬጁ ትንሽ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ለመጨመር የሚጠየቀው ገንዘብ ግን አይገባኝም፣ የጨረስኳቸውን መጻሕፍት ፋይል በውጫዊ ኤስኤስዲ እይዛለሁ። የአክስቴ ልጅ የሚያውቀው ሰው ለክረምት ሲገባ ይዞልኝ ይመጣል። ከሳጥኑ ጋር 70 ዋት ቻርጀር አብሮ እንዲያመጣ ነግሬዋለሁ፤ መብራት ለአጭር ጊዜ መጥቶ በሚሄድበት ቀን በፍጥነት መሙላት የሚችለው በእሱ ስለሆነ። የኔታም ቀሪውን ደብተር እስከዚያው ድረስ በእጃቸው እያስተካከሉ ነው፤ አሁን ግራና ቀኝ አድርገው፣ ቤት በቤት ነው የሚጽፉት።